የሕፃናት የሙዚቃ ትምህርትና የነጋዴው ቃል

ስለ ሕፃናት የሙዚቃ ትምህርት በንግድ ምክር ቤት ጋዜጣ ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ያለ ቦታው የገባ ነገር መስሎ ሊታየው ይችላል። ሕፃን የእናቱ ነው፤ ሙዚቃም የባለሙያውና የመምህሩ ነው፤ ታዲያ ነጋዴን ምን አገባው? የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስገርምም። ነገር ግን ዛሬ በብዙ የዓለም ከተሞች ጡት ያልጣሉና ገና ድክ ድክ የሚሉ ሕፃናት ከአባት ከእናታቸው ጋር በሳምንት አንድ ቀን እየተሰበሰቡ የሚዘምሩበትና የሚጫወቱበት ትምህርት ራሱን የቻለ የንግድ ሥራ ሆኗል። የመማሪያ ክፍያ አለው፤ የሚሸጥ መጽሐፍና የድምፅ ቅጂ አለው፤ በስሙ ለማስተማር የሚከፈል የፈቃድ ዋጋ አለው፤ ከኋላውም የከበሮ፣ የቃጭል፣ የክሲሎፎንና የኤሌክትሪክ ኦርጋን ፋብሪካ አለ። ይልቁንም ታሪኩን ወደ ኋላ ተከትሎ የመረመረ ሰው፥ ይህ ትምህርት ከመምህራን ብቻ ሳይሆን ከነጋዴዎችም እጅ የወጣ መሆኑን ይረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ዋናው ምስክር የጃፓኑ የያማሃ ኩባንያ ነው። መሥራቹ ሚስተር ቶራኩሱ ያማሃ አስቀድሞ የሙዚቃ ሰው አልነበሩም፤ ሙያቸው የሰዓትና የሕክምና መሣሪያ ጥገና ነበር። በ1887 በሐማማትሱ ከተማ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የተበላሸ ኦርጋን እንዲጠግኑ ተጠሩ። መሣሪያውን ከፍተው ከመረመሩ በኋላ፥ እንዲህ ያለው ዕቃ ከውጭ አገር መምጣት ሳያስፈልገው በአገር ውስጥ ሊሠራ እንደሚችል ተረዱ። ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሆነው የሠሩትንም ኦርጋን በመሸከሚያ እንጨት አንጠልጥለው፥ የሐኮኔን ተራራ በእግር አቋርጠው፥ እስከ ቶኪዮ ድረስ ወስደው ለሙዚቃ ሊቃውንት አሳዩት። ሊቃውንቱም የድምፁ ቅኝት የተበላሸ መሆኑን ነገሯቸው። ሚስተር ያማሃ በዚህ ሳይቀየሙ እዚያው ቶኪዮ ተቀምጠው ስለ ቅኝት ተማሩና ተመልሰው ሌላ ሠሩ። ኩባንያው ኒፖን ጋኪ በሚል ስም የተቋቋመው በ1897 ነው። ዕቃውን ለመርማሪ ዓይን ለማሳየት ያን ያህል መንገድ በእግሩ የሚሄድ ነጋዴ በየዘመኑ ብዙ አይገኝም።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፥ በ1950 የኩባንያው ፕሬዚዳንት የሆኑት ሚስተር ገንኢቺ ካዋካሚ፥ በ1953 አውሮጳንና አሜሪካን ዞረው ጎበኙ። በዚያም ተራ ሰው በቤቱ ተቀምጦ ለራሱ ደስታ ሲጫወት አዩ። በአገራቸው ግን ፋብሪካው ኦርጋንና ፒያኖ ማውጣት ቢችልም፥ በቤቱ ሊጫወትበት የሚችለው ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ በ1954 በቶኪዮ፥ ጊንዛ በተባለው የገበያ ሰፈር፥ በኩባንያው መደብር ምድር ቤት ውስጥ ለሕፃናት የሙከራ ትምህርት ክፍል ተከፈተ። በ1959 ትምህርቱ የያማሃ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተብሎ ተሰየመ፤ በ1966 ደግሞ ራሱን የቻለ የሙዚቃ ፋውንዴሽን ተቋቋመለት። ከዚያም ወዲህ ከጃፓን አልፎ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፋ።

ልብ ብሎ ለተመለከተው ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከላይ ዕቃው ይሸጣል፤ ከታች ዕቃውን የሚወድ ሰው ይበቅላል። ይህን አይቶ፥ ነጋዴው ሕፃናቱን ለጥቅሙ አሠልጥኗቸዋል ብሎ የሚነቅፍ ይኖራል። ነቀፋው ግን የሚጸናው ሕፃናቱ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ቢሆን ኖሮ ነው። የትምህርቱ ሥርዓት በደንብ የተጠና ነው፤ ሕፃኑ በመጀመሪያ ያደምጣል፥ ቀጥሎ ይዘምራል፥ ከዚያ ይጫወታል፥ ምልክት ማንበብ የሚማረው በመጨረሻ ነው። ትንንሾቹ ሲማሩ ወላጅ ከጎናቸው ይቀመጣል። ከመምህሩ አፍ ዜማ እየተቀበለ ያደገ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ይህን ሥርዓት ቢሰማ እንግዳ አይሆንበትም፤ ጆሮ ከዓይን እንደሚቀድም በየጉባኤ ቤቱ የታወቀ ነው።

ሌላው ጃፓናዊ፥ የቫዮሊን መምህሩ ሺኒቺ ሱዙኪ (1898–1998)፥ እርሳቸውም የነጋዴ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ማሳኪቺ ሱዙኪ በናጎያ ከተማ የታወቀ የቫዮሊን ፋብሪካ ነበራቸው። ልጅየው በበርሊን ተምረው ከተመለሱና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ በማትሱሞቶ ከተማ ማስተማር ጀመሩ። ትምህርታቸው የቆመው በአንድ ግልጽ ሐሳብ ላይ ነው፤ ይኸውም ማንኛውም ሕፃን የእናቱን ቋንቋ ሳይጨነቅ እንደሚለምድ ሁሉ፥ በዚያው መንገድ ከተያዘ ሙዚቃንም ይለምዳል የሚል ነው። በዚህ ሥርዓት ወላጅ ተመልካች ሆኖ አይቀመጥም፤ በየትምህርቱ ላይ ይገኛል፥ በቤትም የልጁ አስተማሪ እርሱ ነው፥ ብዙ ጊዜም መጀመሪያ ራሱ ቫዮሊን ይዞ ጥቂት ዜማ ይማራል። በ1955 በቶኪዮ በተደረገው የመጀመሪያው ታላቅ ትርኢት ላይ 1,200 ያህል ልጆች በአንድነት ተጫውተዋል።

የዚህ ትምህርት የንግድ ገጽታም ሊጤን ይገባዋል። የልጅ ቫዮሊን እንደ ልጅ ጫማ በልክ ነው። ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ፣ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ እየተባለ ይወርዳል። ልጁ ባደገ ቁጥር ትንሹ ይጠበዋል። ስለዚህ የቫዮሊን ነጋዴ ብልሃቱ አንድ ጊዜ ሸጦ መገላገል ሳይሆን፥ ማከራየት ወይም ትንሹን በትልቁ በልዋጭ መስጠት ሆኗል። በመርካቶ ልዋጭ የሚለውን ቃል የማያውቅ ነጋዴ ስለሌለ ነገሩን ማብራራት አያስፈልግም፤ ደንበኛው ግን ለአንድ ዕቃ ሳይሆን ለዐሥር ዓመት ደንበኛ ሆኖ እንደሚቀር ማስታወስ ይገባል።

በጀርመን ካርል ኦርፍ በ1924 ከዶሮቴ ጉንተር ጋር በሙኒክ የከፈቱት ትምህርት ቤት ሙዚቃን ከእንቅስቃሴና ከንግግር ጋር ያጣመረ ነበር። ከዚያ የወጣው የልጆች ክሲሎፎን ምላሶቹ የሚነቀሉ ናቸው፤ የማይፈለጉት ከተነሡ በኋላ ሕፃኑ የቀሩትን እንደ ወደደ ቢመታ የሚያስቀይም ድምፅ አይወጣም። እነዚህን መሣሪያዎች ለመሥራት በ1949 የተቋቋመው ስቱዲዮ 49 የተባለው ፋብሪካ ስሙ እስከ ዛሬ ይታወቃል። የሐንጋሪው ዞልታን ኮዳይ (1882–1967) ግን ለነጋዴ የማይመቹ ሰው ናቸው፤ የልጅ የመጀመሪያውና የተሻለው መሣሪያ የራሱ ጉሮሮ ነው ብለው ስላስተማሩ የሚሸጥ ዕቃ አላስቀሩም።

በአሁኑ ጊዜ ስለ ሕፃናት ሙዚቃ ሲነገር ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው በአሜሪካ፥ በኒው ጀርዚ ግዛት፥ በፕሪንስተን ከተማ በ1987 የተጀመረው ሚዩዚክ ቱጌዘር የተባለው ትምህርት ነው። ከተወለደ ሕፃን ጀምሮ እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች በዕድሜ ሳይለያዩ በአንድ ክፍል ይሰበሰባሉ። ትምህርቱ 45 ደቂቃ ይቆያል። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ልጁን አስረክቦ መሄድ አይፈቀድለትም፤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ራሱ መዝፈን፥ ራሱ መንቀሳቀስ አለበት። ልጁ ምንም አይታዘዝም። አንዱ ያጨበጭባል፥ አንዱ ዝም ብሎ ያያል፥ አንዱ ቃጭሉን አፉ ውስጥ ይከታል፤ ሁሉም እንደ ተማሪ ይቆጠራል። የተዘፈነውም በመጽሐፍና በድምፅ ቅጂ ተይዞ ወደ ቤት ይሄዳል፤ ትምህርቱ የተሰበሰቡበት ሰዓት ሳይሆን በቤት ያለው ሳምንት ነው ይባላልና። መምህሩ ሠልጥኖ በድርጅቱ ስም ለማስተማር ፈቃድ ይከፍልበታል። እንግዲህ የሚሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ በጥንቃቄ ቢመረመር፥ ከዕቃው ይልቅ የወላጁን ድፍረት የሚመለስበት ሰዓት ሆኖ ይገኛል። ‹ድምፄ መጥፎ ነው› ብሎ ከልጁ ፊት አፉን የዘጋ አባት በዓለም ሁሉ አለ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሚያስመሰግን ነው። ንግዱ የተበላሸው ሻጩ ከሙዚቃ አልፎ የልጁን አእምሮ ለመሸጥ በተነሣ ጊዜ ነው።

በ1993 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አንድ አጭር ጽሑፍ ወጣ። ሠላሳ ስድስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሞዛርትን የሁለት ፒያኖ ሶናታ ለ10 ደቂቃ ካደመጡ በኋላ፥ ቅርጽን በሐሳብ የማገጣጠም ፈተና ላይ ጥቂት ብልጫ አሳዩ፤ ብልጫውም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ጠፋ። ነገሩ ይኸው ነው። አንድም ሕፃን አልተፈተነም። ከዚህ ትንሽ ዘር ግን ሞዛርት የሰማ ሕፃን ብልህ ይሆናል የሚል ታላቅ ገበያ በቀለ። በ1998 የአሜሪካው የጆርጂያ ግዛት ገዥ ዜል ሚለር ለሚወለደው ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂ እንዲታደል 105,000 ዶላር በበጀት እንዲያዝ እስከ መጠየቅ ደረሱ። በ2010 የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 40 የሚያህሉ ጥናቶችን በአንድነት መርምረው፥ ሞዛርት በተለየ አእምሮን ያበለጽጋል ለሚለው ወሬ የሚጸና ማስረጃ እንደሌለ ገለጡ። እስከዚያ ድረስ ግን ስንቱ አባት ከደመወዙ ቀንሶ ገዝቷል!

በዚያው ዘመን ቤቢ አይንስታይን የተባለው የሕፃናት የምስልና የሙዚቃ ቅጂ በአሜሪካ ገበያውን ያዘ። በ2001 የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ ድርጅቱን ገዛው። የወላጆችና የሕፃናት ተከራካሪዎች፥ ቅጂው ሕፃንን ያስተምራል መባሉ ማስረጃ የለውም እያሉ ለመንግሥት አቤቱታ አቀረቡ። በ2009 ኩባንያው ጥፋት መሥራቱን ሳያምን፥ ከ2004 ወዲህ ቅጂውን ለገዙ ወላጆች እስከ 4 ለሚደርስ ቅጂ፥ ለእያንዳንዱ 15.99 ዶላር እንደሚመልስ አስታወቀ። ያን ያህል ካፒታል ያለው ኩባንያ የሸጠውን ገንዘብ መመለስ ይችላል። አንድ ባለሱቅ ግን ከሸጠው ሁሉ ላይ ገንዘብ መልስ ቢባል በማግሥቱ መዝጊያውን ያወርዳል።

ታዲያ እውነቱ ምንድን ነው? በ2013 የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ4 ዓመት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ለ6 ሳምንት የሙዚቃ ትምህርት እንዲከታተሉ አድርገው፥ ሌሎች ልጆች ሥዕል ከተማሩት ጋር አነጻጸሯቸው፤ ሙከራውንም ደግመው ምንም ካልተማሩት ጋር አስተያዩ። በልጆቹ የአእምሮ ችሎታ ላይ የሚታመን ልዩነት አልተገኘም። ሙዚቃ የተማረ ልጅ በሒሳብ ይልቃል ብሎ ለሚሸጥ ሰው ይህ መራራ ነው። ነገር ግን በ2012 በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ሌላ ጥናት ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። የ6 ወር ሕፃናት በሁለት ተከፍለው፥ አንደኞቹ ከወላጆቻቸው ጋር እየዘፈኑና እየተጫወቱ፥ ሁለተኞቹ መጫወቻ ይዘው የሙዚቃ ቅጂ እየተከፈተላቸው (ቅጂውም ያው ከላይ የተጠቀሰው ቤቢ አይንስታይን ነበር) 6 ወር ቆዩ። በዚህ ጊዜ ከወላጆቻቸው ጋር የዘፈኑት ሕፃናት በጣታቸው ማመልከትንና እጅ አውለብልቦ መሰናበትን በመሳሰለው ነገር ቀድመው ተገኙ፤ አዲስ ነገር ሲያዩም አለቃቀሳቸው ያነሰ ነበር። በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ2014 በወጣ ጥናት፥ የ14 ወር ሕፃናት ታዝለው በሙዚቃ ሲወዛወዙ፥ ፊት ለፊታቸው ያለው ሰው አብሯቸው በአንድ ምት ከተንቀሳቀሰ፥ በኋላ ዕቃ ሲወድቅበት አንሥተው ለማቀበል ይበልጥ እንደሚፈጥኑ ታየ። በሞንትሪያል ደግሞ ሕፃናት ከማልቀሳቸው በፊት ንግግር ሲሰሙ 4 ደቂቃ ያህል፥ ዘፈን ሲሰሙ ግን 9 ደቂቃ ያህል ጸጥ ብለው መቆየታቸው ተመዝግቧል፤ የተዘፈነውም በማያውቁት በቱርክ ቋንቋ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ አጭር ነው። ለሕፃን የሚጠቅመው ከሣጥን የሚወጣው ድምፅ ሳይሆን አብሮት የሚንቀሳቀሰው ሰው ነው፤ ጥቅሙም የሚታየው በብልህነት መለኪያ ሳይሆን በጠባዩና ከሰው ጋር ባለው መግባባት ነው። ይህን በኢትዮጵያ ልጁን በአንቀልባ አዝላ እሹሩሩ እያለች ቤቷን የምትጠርግ እናት ያለ ጥናት ስታደርገው ኖራለች። ምቱም አለ፥ ዜማውም አለ፥ ጀርባዋም አለ። እንግዲህ እናት ያላትን መልሶ ለእናት መሸጥ አይገባም የሚል ሰው ቢነሣ ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን በከተማ የሚኖረው ቤተሰብ ነው። አያት በገጠር ቀርታለች፥ እናትና አባት ከቢሮ የሚመለሱት ከመሸ በኋላ ነው፥ ሠራተኛዋም ሕፃኑን ዝም የምታሰኘው ስልክ በእጁ እየሰጠች ነው። ለእንዲህ ያለው ቤት በሳምንት አንዲት ሰዓት ከልጁ ጋር ምንጣፍ ላይ መቀመጫ ማግኘት ዋጋ ቢያወጣ አይደንቅም።

ለአስመጪው የሚነገረው ግን ከዚህ ይለያል። የሕፃን የሙዚቃ መጫወቻ የሚያዝ አስመጪ ከካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ‹አእምሮ የሚያዳብር› የሚል ቃል ከማድነቁ በፊት ዕቃውን ይፈትሽ። በአሜሪካ ሕግ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሸጥ መጫወቻ፥ ወርዱ 31.7 ሚሊሜትር በሆነ ትንሽ ሲሊንደር ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ቁራጭ ሊኖረው ወይም ሊወጣው አይገባም፤ ልጁን ያንቀዋልና። የሲሊንደሩ ጥልቀት በአንድ በኩል 25.4፥ በሌላው 57.1 ሚሊሜትር ሆኖ ወለሉ ያዘነበለ ነው። ማንም ቆርቆሮ ሠሪ በጥቂት ብር ይሠራዋል፤ በየሱቁም አንድ ቢቀመጥ ደንበኛ ፊት ዕቃ መፈተሽ ይቻላል። የቃጭል ምላስ፣ የከበሮ መምቻ ጫፍ፣ የማንቃጨያ ፍሬ ተነቅሎ ከገባ ያ ዕቃ ለሕፃን አይሸጥም። ቀለሙም እንዲሁ ነው፤ በዚያው አገር ከ2009 ወዲህ በመጫወቻ ቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ ብቻ ሲሆን፥ ይህን የሚያረጋግጥ የላቦራቶሪ ወረቀት ከፋብሪካው መጠየቅ የአስመጪው መብት ነው። ወረቀት የማይሰጥ ፋብሪካ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የሚዘፍነው መጫወቻ ሆድ ውስጥ ያለው ክብ ባትሪ ነው። ሕፃን ቢውጠው በጉሮሮው ተሰንቅሮ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ የባትሪው ክዳን በብሎን ያልተያዘ፥ በጥፍር የሚከፈት ዕቃ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያዋጣ መግዛት አይገባም። ባለሱቁም ክዳኑን በጥፍሩ ሞክሮ ሳያረጋግጥ ከጅምላ ሻጩ ባይረከብ መልካም ነው።

ለላኪዎችም ትንሽ ቃል አለ። የውጭ አገሮቹ የሕፃናት ሙዚቃ ክፍሎች የየአገሩን ትንንሽ ከበሮ ይገዛሉ። በኢትዮጵያ ከበሮ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ለሕፃን እጅ የሚመጥነውን ልክ መሥራትም አይቸግራቸውም። ነገር ግን ወደ አውሮጳ ኅብረት አገሮች የሚገባ የልጅ መጫወቻ የሲኢ ምልክት ያስፈልገዋል፤ ቆዳውም በሚገባ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ጸናጽልን ግን በዚህ ውስጥ መጨመር አይገባም፤ የቤተ ክርስቲያን ንዋይ ነውና ለሕፃን መጫወቻ ሆኖ ቢላክ ከሚያስገኘው ገንዘብ ይልቅ የሚያስከትለው ቅሬታ ይበዛል።

የሙዚቃ መሣሪያ ወይም የሕፃናት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ የጊንዛውን መደብር ምሳሌ መከተል ቢፈልግ ምድር ቤት አያስፈልገውም። ገበያ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ጥግ ላይ የሚነጠፍ ምንጣፍ፣ በደጅ የጫማ ማስቀመጫ፣ ሦስት አራት ትንንሽ ከበሮ፣ ደግሞም የልጆች ዜማ የምታውቅ አንዲት ታጋሽ ሴት ትበቃለች። እሹሩሩ አለ፤ የእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ አለ፤ የቡሄ ሆያ ሆዬ አለ፤ ለእነዚህ የፈቃድ ዋጋ የሚጠይቅ የለም። በግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያም ‹ከልጅዎ ጋር የሚዘፍኑበት ሰዓት› ይበል እንጂ ስለ ብልህነትና ስለ ፈተና ውጤት አንዳች አይናገር። ክፍያውም ለወር በአንድነት ከሚሆን ይልቅ በየዕለቱ ቢሰበሰብ ይሻላል፤ ሕፃን ይታመማል፥ ዝናብ ይጥላል፥ እናትም የምትከፍለው ለመጣችበት ቀን ብቻ መሆኑን ካወቀች ሳትሳቀቅ በሚቀጥለው ሳምንት ትመለሳለች።